ማሳሰቢያ፦ ከጓሮ የተለቀመው ሁሉ ገበያ አይውረድ

ለአምቢኮ፣ ለደባርቅና ለዳባት ቤተሰቦች

በእኛ ደጋ የብዙ ቤት ማዕድ ገብስ፣ ሽሮና ድንች ነው። ሆድ ይሞላል። ነገር ግን ሆዱ ሞልቶ የሚያድር ልጅም ሊቀነጭር እንደሚችል ወላጅ ሁሉ ይወቅ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 46ቱ መቀንጨራቸውን አሳይቷል፤ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። መንስኤው ብዙ ነው፤ አትክልትና ፍራፍሬ የማይታይበት ማዕድ አንዱ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ ይመክራል። ድንች ከዚህ አይቆጠርም።

ችግሩን እናውቀዋለን። ሙዝ ከአርባ ምንጭ ተጭኖ ደባርቅ እስኪደርስ ዋጋው ይንራል፤ ወደ አምቢኮ ሲወጣ ደግሞ ይብሳል። በብዙ ቤት ፍራፍሬ የታመመ ሰው መጠየቂያ ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ ማንንም ብርቱካን ግዛ ብዬ አላስጨንቅም። የማሳስበው በእጃችን ስላለው ነው። ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር ደጋው ያበቅላቸዋል። ግን ተለቅመው ገበያ ይወርዱና ለጨው፣ ለዘይት፣ ለዕዳ ይሆናሉ፤ ከተረፈው ሳንቲም ለልጁ ብስኩትና ለስላሳ ይገዛለታል። ካሮት ሸጦ ብስኩት መግዛት ልጅን መጉዳት ነው። አባወራዎች ሆይ፣ ከመሸጣችሁ በፊት የቤቱ ድርሻ ይነሣ። ጓሮውን የምትኮተኩተው እናት በሽያጩም ላይ ቃል ይኑራት፤ ከሁሉ በኋላ የተረፈውን የምትበላውም እርሷ መሆኗ ይቅር።

ጎመን የክፉ ቀን ምግብ ነው ብለን ለእንግዳ ማቅረብ የምናፍር ብዙ ነን። በጾም ወራትም ማዕዳችን ሽሮ ብቻ ይሆናል፤ ጾሙ ግን ጎመኑን አልከለከለም።

ነፍሰ ጡር ጎመን ወይም ሙዝ ብትበላ በፅንሱ ራስ ላይ ይለጠፋል የሚባለው ፍጹም ሐሰት ነው። የተበላ ነገር ወደ ጨጓራ እንጂ ወደ ማሕፀን አይወርድም። ይልቁንም ጎመን ውስጥ ያለው ፎሌት የፅንሱን አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ይጠብቃል። ይህን ወሬ በመፍራት ከጎመን የራቀች እናት ካለች ጎረቤቶቿ ይንገሯት።

ጎመን ስትቀቅሉ ውኃውን አትድፉት፤ ቫይታሚኑ አብሮ ይፈስሳል። ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጉበት፤ ቫይታሚን ኤ ያለ ቅባት በደንብ ሰውነት ውስጥ አይገባም። ቡናና ሻይም ከምግቡ ጋር አይጠጣ፤ በጎመኑ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ይከለክላል።

ሲመሽ ዕቃ የሚያደናቅፈው፣ ዳፍንት የያዘው ልጅ ያላችሁ፣ ነገ ሳትሉ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የቫይታሚን ኤ እጥረት ቶሎ ካልታከመ ዓይን ያጠፋል።