ጭሱ ያለቀ ከሰል

ዛሬ የምጽፈው ብዙዎቻችን ስለምንጠላው የኬሚስትሪ ሂሳብ ነው።

ፈተና ላይ «12 ግራም ካርቦን ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል ስንት ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል?» የሚል ጥያቄ ወጥቶ ነበር። እኔ «12 ግራም» ብዬ መለስኩ። «መጠነ ቁስ አይፈጠርም፣ አይጠፋም» የሚለውን ሕግ ሸምድጄ ስለነበር 12 ከገባ 12 ይወጣል ብዬ ነው። ኤክስ አገኘሁ። ለካ ኦክስጅኑን ረስቼዋለሁ! 12 ግራም ካርቦን ከአየር 32 ግራም ኦክስጅን ይወስድና 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል።

ጓደኞቼ «ይሄ ደግሞ ምን ይጠቅማል? ለክልል ፈተና ቀመሩን መያዝ ይበቃል» ይላሉ። እኔ ግን አልስማማም። ምክንያቴ ቤታችን ያለው የከሰል ማንደጃ ነው።

ጌዶ ደጋ ነው፤ ክረምት ላይ ብርዱ አይጣል ነው። ማታ ማታ ከሰሉን ውጭ እናቀጣጥልና «ጭሱ አልቋል፣ ፍም ሆኗል» ብለን ወደ ቤት እናስገባለን። በርና መስኮት እንዘጋለን። ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት ታናሽ እህቴን ራሷን አመማት፣ አስመለሳት። እማዬ ተሸክማት ወደ ውጭ ወጣች፤ ንጹህ አየር ስታገኝ ተሻላት።

ጠዋት ማንደጃው ውስጥ የቀረው አንድ እፍኝ አመድ ነበር። ታዲያ ከሰሉ የት ገባ? አልጠፋም፤ አብዛኛው ጋዝ ሆኖ የምንተኛበት ክፍል ውስጥ ነው የገባው። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ላቮይዜ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ነገሮችን አቃጥሎ ሲመዝን ጠቅላላ ክብደቱ አልተለወጠም። የኛም ቤት በሩ ሲዘጋ ያው የተዘጋ ዕቃ ነው።

እስቲ እናስላው። ከሰሉ ንጹህ ካርቦን ነው ብንል፣ 1 ኪሎ ከሰል 1000 × 44 ÷ 12 = 3667 ግራም ገደማ ጋዝ ይሰጣል። የከሰሉን ሦስት እጥፍ ይበልጣል! ኦክስጅን ሲያንስ ደግሞ 12 ግራም ካርቦን 16 ግራም ኦክስጅን ብቻ ያገኝና 28 ግራም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። ይሄ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም፣ ግን ይገድላል። ስለዚህ ጭሱ አለቀ ማለት አደጋው አለቀ ማለት አይደለም።

በእኔ አስተያየት መምህሮቻችን ይህን ትምህርት ከማንደጃው ቢጀምሩልን አንረሳውም። እኛ ተማሪዎችም ሂሳቡን ደብተር ላይ ብቻ አናስቀረው። ዛሬ ማታ ለቤተሰቦቻችን አስልተን እናሳያቸው፤ ከመተኛታችን በፊትም ማንደጃው ወደ ውጭ ይውጣ።



ከ8ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል