አዝማቹ ሲገባ ድምፅዋ ለምን ይወርዳል?

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ኮምፒውተር ነው። እስከ መጨረሻው ብታነብቡት ግን የትዳርም ጉዳይ እንደ ሆነ ታያላችሁ።

የምንኖረው ፓዌ ነው። ፓዌ ቀድሞም የጉሙዝ ሕዝብ ይኖርበት በነበረ ምድር፣ ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወዲህ ከወሎ፣ ከከምባታ፣ ከሃዲያና ከሌሎችም አካባቢዎች የመጡ ሰፋሪዎች የሰፈሩባት ቆላ አገር ናት። መንደሮቿ እስከ ዛሬ በቁጥር ይጠራሉ። ለቀረጻ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ለቤተ ሰብ ኪስ ይከብዳል። ስለዚህ እኔና ባለቤቴ የመኝታ ክፍላችንን ግድግዳ በብርድ ልብስ ጋርደን፣ በአንድ ላፕቶፕና በአንድ ማይክ መዝሙር መቅረጽ ጀመርን። እርሷ ትዘምራለች፣ እኔ እቀርጻለሁ።

አንድ ማታ የቀረጽነውን ስንሰማ መግቢያው ላይ ድምፅዋ ጥርት ብሎ ይሰማል። አዝማቹ ደርሶ ከበሮውና ቤዙ ሲገቡ ግን ድምፅዋ ድንገት ይወርዳል። እኔም ወዲያው፣ «ከማይኩ አትራቂ አላልኩሽም?» አልኳት። ደግመን ቀረጽን፤ ያው ሆነ። በሦስተኛው ልጆቹ ተኝተው ነበር፣ እርሷም ደክሟታል። «እንግዲያውስ ሌላ ዘማሪት ፈልግ» አለችና ማዳመጫውን አውልቃ ወጣች። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ በቤታችን ምንም አልተቀረጸም። ወጥ ስትሠራ ታንጎራጉር የነበረውም ቀረ። እኔን ያስደነገጠኝ ይኸኛው ነው።

በመጨረሻ ብቻዬን ተቀምጬ በመጀመሪያ ልጠይቀው የሚገባኝን ጥያቄ ጠየቅሁ፤ ድምፁ የወረደው ሲቀረጽ ነው ወይስ ከተቀረጸ በኋላ? ይህን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ሌሎቹን ትራኮች በሙሉ ዝጉና የዘማሪዋን ድምፅ ብቻ ስሙ። በስክሪኑ ላይ ያለውን የድምፅ ሞገድም ተመልከቱ። አዝማቹ ላይ ሞገዱ ከቀጠነ ችግሩ ከቀረጻው ነው። ሞገዱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ከሌሎቹ ጋር ሲደመር ብቻ ከወረደ ግን ችግሩ ከሚክሲንጉ ነው። የባለቤቴ ድምፅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሙሉ ነበር።

ጥፋተኛው ማስተሩ ላይ የነበረው ሊሚተር ሆኖ ተገኘ። ሊሚተር ድምፁ ከተወሰነ ልክ እንዳያልፍ የሚይዝ ነው። ከበሮውና ቤዙ በኃይል ሲገቡ ድምሩ ልኩን ያልፋል፤ ሊሚተሩም ያለፈውን ለመያዝ ሁሉንም አብሮ ወደ ታች ይጫናል። ጥፋቱ የከበሮው ቢሆንም ዘማሪዋም አብራ ትወርዳለች። መድኃኒቱ የእርሷን መጨመር አይደለም፤ እንዲያውም ይብሳል። ሊሚተሩን አጥፉ፣ ሁሉንም ትራኮች እኩል ቀንሱ፣ የማስተሩ ከፍተኛ ጫፍ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል ያህል እንዲሆን አድርጉ። ከዚያ ቤዙንና ከበሮውን ከድምፅዋ ጋር አመጣጥኑ። ሊሚተሩ በመጨረሻ፣ በጥቂቱ ይመለስ። ሥራችን ጮክ እንዲል ብለን አንጨነቅ፤ ዩቲዩብ እንኳ ከልክ በላይ የጮኸውን ራሱ ይቀንሰዋል።

የእናንተ ችግር ሌላ ከሆነ እነዚህን መርምሩ።

ሞገዱ ራሱ ከቀጠነ፣ ርቀቱን ለኩ። ዘማሪው ከማይኩ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን ድምፁ እስከ 6 ዴሲቤል ይወርዳል። ረጅም ዜማ ሲያዝ ብቻ የሚከስም ከሆነ ግን በላፕቶፑ የማይክ ማስተካከያ ውስጥ ያለውን ድምፅ ማጥሪያ አጥፉት፤ ሳይቋረጥ የሚሰማን ድምፅ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ይቀንሰዋልና። ገመዱንም ነካ ነካ አድርጋችሁ ፈትሹ።

ጥሪ ሲመጣ ወይም ማይክ ሲከፈት የሌላው ሁሉ ድምፅ ከወረደ፣ ዊንዶውስ ነው። ጥሪ አለ ብሎ ሲያስብ ሌላውን ድምፅ በ80 በመቶ እንዲቀንስ ተደርጎ ነው የሚመጣው። በሳውንድ ማስተካከያው ውስጥ «ኮሚዩኒኬሽንስ» በሚለው ገብታችሁ ምንም እንዳያደርግ ምረጡ።

ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚወርድ ከሆነ፣ ትራኩ ላይ ሳታስቡት የቀረ የአውቶሜሽን መስመር ይኖራል፤ ሰርዙት።

በማዳመጫ ደኅና ሆኖ በቤተ ክርስቲያን ስፒከር ወይም በስልክ ከጠፋ፣ ግራና ቀኙ ሲደመሩ እርስ በርስ እየተጠፋፉ ነው። ወደ ሞኖ ቀይራችሁ ስሙ። ያኔ ከጠፋ ማስፊያ ኢፌክቱን አንሱ፣ ወይም የአንዱን ትራክ ፌዝ ገልብጡ።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ባለቤቴን ጠርቼ የእርሷን ድምፅ ብቻ ነጥዬ አሰማኋትና፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በይኝ» አልኳት። ዝም ብላ ሰማችና፣ «እኔን ብቻ ለመስማት ሁለት ሳምንት ፈጀብህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በማግስቱ ግን ከወጥ ቤት ማንጎራጎሯን ሰማሁ።

ወንድሞች ሆይ፣ ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 1 ቁጥር 19 ላይ ለመስማት ስለ መፍጠን፣ ለመናገርም ስለ መዘግየት የጻፈውን ብዙ ጊዜ ሰብከነዋል። እኔ ግን በቤቴ ተቃራኒውን አደረግሁ፤ አስቀድሜ ተናገርሁ፣ ዘግይቼ ሰማሁ። ያጠፋሁትን ለማወቅ ትራኮቹን መዝጋት ብቻ ይበቃ ነበር፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የትዳር ጓደኛችሁ ድምፅ በቤት ውስጥ ዝቅ ብሎ ካገኛችሁት፣ «ለምን አትናገሪም?» ወይም «ለምን አትናገርም?» ከማለታችሁ በፊት በላዩ የተጫነውን ፈልጉ። ምናልባት የጫናችሁት እናንተ ትሆኑ ይሆናል።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።