የአባት ኢሜይልና የልጅ ፍርድ

በቤት ኮምፒዩተር ላይ ያለው የኢሜይል ፕሮግራም የይለፍ ቃሉን ደጋግሞ ሲጠይቅ፣ አባት ከማስታወሻ ደብተራቸው እያዩ በአንዲት ጣት ፊደል በፊደል ቢጽፉለትም አልቀበልም ሲላቸው፣ ልጅ ከሥራ ደክሞ ገብቶ «አሁንም ረሱት እንዴ አባባ?» ማለቱ ምርመራ ሳይቀድም የተሰጠ ብያኔ ነው። ጎግል እ.ኤ.አ. ከሜይ 30 ቀን 2022 ጀምሮ በስምና በይለፍ ቃል ብቻ ለሚገቡ የቆዩ ፕሮግራሞች በሩን እንደ ዘጋ፣ ማይክሮሶፍትም በ2024 ይህንኑ ፈለግ እንደ ተከተለ የሚያውቅ ሰው፣ ጥፋቱ ከአረጋዊው ልቡና መድከም ሳይሆን ከፕሮግራሙ እርጅና ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ ይጠረጥራል፤ መድኃኒቱም ተንደርበርድን የመሰለ፣ አዲሱን የመግቢያ ሥርዓት የሚያውቅ ፕሮግራም መጫን ነው። ዳሩ ግን አሮጌው ፕሮግራም ደብዳቤዎችን ፖፕ በሚባለው መንገድ ሲያወርድ የኖረ እንደ ሆነ፣ (ይህንንም የሚዘነጋው ብዙ ነው) በኩባንያው ማኅደር ያልቀሩ፣ በዚያ ኮምፒዩተር ብቻ ተመዝግበው የሚገኙ የዓመታት መልእክቶች ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ ቅጂ ሳያስቀሩ እርሱን መሰረዝ የሰውን መዝገብ ከማቃጠል አይለይም።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፣ ማውሱን ከእጃቸው አትንጠቁ፤ ከጎናቸው ተቀምጣችሁ እናንተ አመልክቱ፣ እርሳቸው ይንኩ።