ከብቱም በጋጣው፣ ሰውም በቤቱ

በአርሲ ደጋ፣ በጮሌ ወረዳ ሌሊቱ ብርዳም ነው። እንዲህ ባሉ የአገራችን ደጋማ አካባቢዎች ከብትን ከቤተሰብ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማሳደር የቆየ ልማድ ነው። ትንፋሻቸው ቤቱን ያሞቃል፤ ከሌባም ይጠበቃሉ። የልማዱ መነሻ ስንፍና አይደለም።

ይሁን እንጂ ልማዱ ዋጋ ያስከፍላል። አብዝተው የሚከፍሉትም ሕፃናት ናቸው። የሚድህ ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ስለሚያደርግ፣ በእበትና በዶሮ ኩስ ውስጥ ያሉ ተሕዋስያን ለተቅማጥ ይዳርጉታል። የሚመላለስ ተቅማጥ ደግሞ ዕድገቱን ይገታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ በገጠር ኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት፣ ዶሮ ማርባት ከልጆች የተሻለ ቁመት ጋር፣ ዶሮን ሌሊት መኖሪያ ቤት ውስጥ ማሳደር ግን ከቁመት ማነስ ጋር ተያይዞ እንደሚታይ አመልክቷል። እንግዲህ ችግሩ ዶሮዋ ሳትሆን ማደሪያዋ ነው።

አዋቂዎችም አይድኑም። የከብት ሳንባ ነቀርሳ በትንፋሽና ባልፈላ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋል። ብሩሴሎሲስ የተባለው በሽታ ደግሞ ከጨነገፈ ጽንስና ከእንግዴ ልጅ ጭምር ይይዛል።

በ1995 ዓ.ም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከብትን ከመኖሪያ ቤት መለየትን ያስተምራል። ሆኖም ትምህርትና ቅጣት ብቻውን በረት አይሠራም። ሌባ የሚፈራ ገበሬ ላሙን ከዓይኑ አያርቅም። ስለዚህ የቀበሌ አመራሮች የሌሊት ጥበቃን ሊያጠናክሩ፣ ጎረቤትም ለበረት ሥራ በደቦ ሊወጣ ይገባል። አቅመ ደካሞችና ብቻቸውን ቤት የሚመሩ እናቶች ቅድሚያ ያግኙ።

እርስዎም ከዛሬ ይጀምሩ። ሙሉ በረት መሥራት ካልቻሉ፣ ከቤቱ ጎን ጋጣ ቀጥለው በግድግዳ ይለዩት፤ በሩንም ለብቻው ያድርጉት። ለዶሮዎች ከቤት ውጭ ቆጥ ይሥሩ። ሽንቱ እንዲፈስ ወለሉን ዘቅዘቅ ያድርጉት። እበቱን በየቀኑ ጠርገው፣ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ ከጉድጓዱ በታች ባለው ቁልቁለት ያከማቹ። ወተት አፍልተው ይጠጡ። ካለቡ ወይም ከብት ካዋለዱ በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ወይም የሚመላለስ ትኩሳት ካለብዎ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ከብት እንደሚያረቡም ለባለሙያው ይንገሩ።

ከብት የቤት ሀብት ነው። ሀብቱ ግን የልጅዎን ጤና እንዳይወስድ በመካከላቸው ግድግዳ ይኑር።