ከኋላችን ያለው ጎረቤት

ጎረቤት ማለት ከአጥር ማዶ ያለው ብቻ አይምሰለን። በአማተር የብስክሌት ውድድር ለሚሳተፍ ሰው ጎረቤቱ ከኋላው ተጠግቶ የሚነዳው ነው። የፊተኛው ነፋሱን ስለሚከልልለት የኋለኛው ጉልበቱን ይቆጥባል፤ ጀርባ ስለጋረደው ግን ጉድጓዱን አያይም። ስለዚህ የፊተኛው ጉድጓዱን በእጁ ሊያመለክተው፣ መስመሩንም ጠብቆ ሊነዳ ይገባል። ያለ ምክንያት በድንገት ፍሬን ቢይዝ ጎማ ከጎማ ይነካካና የኋለኛው ይወድቃል፤ ተከታዮቹም በላዩ ይደራረባሉ። ነፋሱን ተራ በተራ መጋፈጥም የጎረቤት ሐቅ ነው።

ውድድሩ ሲያበቃ ሁሉም ወደ ሥራውና ወደ ልጆቹ ይመለሳል። ዋንጫው ቢያመልጠን ሌላ ውድድር አለ፤ በእኛ ቸልተኝነት የተሰበረ ክንድ ግን የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ሊሆን ይችላል።