መስፈሪያው ሞልቶ ሚዛኑ ስለሚጎድል እህል

በአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ ያለ ገበሬ ማሽላውን ወቅቶ ጎተራ ካስገባ በኋላ የዓመቱ ድካም የተፈጸመ ይመስለዋል። ነገር ግን ጥቂት ወራት ቆይቶ ክዳኑን ሲከፍት ገለባ የምትመስል ታናሽ የእሳት እራት ብር ብላ ትወጣለች፤ ፍሬውም ተቦርቡሮ ይገኛል። ሰዉ ሁሉ «ነቀዝ በላው» ይላል፤ ጠላቱን ግን ለይቶ አላወቀም።

ነቀዝ ጥንዚዛ ነውና ወደ እህሉ ጥልቀት ይገባል። ይህች ግን ገላዋ ለስላሳ ስለ ሆነ ከላይኛው እህል በታች ብዙ አትወርድም። እንቍላልዋን በፍሬው ላይ ትጥላለች፤ ትሉም ወደ ውስጥ ገብቶ ሆዱን እየበላ ቅርፊቱን ያስቀራል። ማሽላው ገና በማሳ ቆሞ ሳለ ልትጀምር ትችላለች። ስለዚህ መስፈሪያው እንደ ሞላ ሚዛኑ ይጎድላል፤ ለዘር የተቀመጠውም ሳይበቅል ይቀራል።

ይህ መከራ የወሎ ብቻ አይደለም። በ1760 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በፈረንሳይ አገር አንጉሙዋ በሚባል አውራጃ ይህችው ተባይ እህሉን ስላጠፋች፣ የሳይንስ አካዳሚው ዱአሜል ዱ ሞንሶንና ቲዬ የተባሉትን ሊቃውንት መርምሩ ብሎ ላከ። ተባይዋም እስከ ዛሬ በዚያ አውራጃ ስም ትጠራለች።

በሣጥን ያለውን በርኖስና ባና የሚበላው ብል የዚህችው ዘመድ ነው። ሰው ለልብሱ ፀሓይ ያሳያል፤ ለጎተራው ግን ይህን ያህል አይጠነቀቅም።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። መከር ሳይገባ በጥቅምት ጎተራው ይጠረግ፤ ስንጥቁም ይመረግ። አሮጌው እህል ከአዲሱ ጋራ አይደባለቅ። ማሽላው በዛላው ከመክረም ይልቅ በጊዜው ተወቅቶ፣ በደንብ ደርቆ ይግባ። አየር በማያስገባ ላስቲክ የተደረበ ጆንያ የተገኘለት አፉን አጥብቆ ይሰር፤ በውስጡ ያለው ተባይ አየር አጥቶ ይሞታልና። የሚጤሰውን የመርዝ ክኒን ግን ሰው በሚተኛበት ቤት ማኖር ቤተ ሰብን የሚገድል ድፍረት ነው።

የወረዳ ሹም ሥራም እህል ከጠፋ በኋላ ጕዳት መመዝገብ ብቻ ሊሆን አይገባውም። የእርሻ ሠራተኞቹን አስቀድሞ ወደ ጎተራው ይላክ፤ እህሉ ሲገባና ሲወጣ አንድ መስፈሪያ እያስመዘነ ልዩነቱን ለገበሬው ያሳይ። በጥቅምት አንድ ቀን ለመጥረግ የተደከመው ድካም በክረምት ዘር ከመለመን ያድናል።