ስለ አሪቲ ተክልና ስለ ንዳድ በሽታ

መልካም ሽታ ስላላቸው በቤት አጠገብ ከሚተከሉት ዕፀዋት አንዱ አሪቲ ነው። በዐውደ ዓመት ዋዜማ ከጠጅ ሳር ጋር በገበያ ይሸጣል። ወገኑ ከአደይ አበባ፣ ከኑግ፣ ከሱፍና ከግራዋ ነው፤ ነገር ግን የአበባውን ዱቄት የሚያደርስለት ንብ ሳይሆን ነፋስ ስለ ሆነ፣ አበባው ጥቃቅንና ያጐነበሰ እንጂ እንደ አደይ አበባ ዓይን የሚስብ አይደለም።

አሪቲን በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አገር ለመትከል የሚወድ ሰው ሁለት ነገር ያስብ። አንደኛው፣ ያ አገር ዝናሙ ብዙ ነው፤ አሪቲ ግን ውኃ ሲተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ መደቡን አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ማድረግና ውኃው የሚወርድበትን ቦይ ማውጣት ይገባል። ሁለተኛው፣ ቡና ጥላ ሲወድ አሪቲ ፀሐይ ይወዳልና፣ በቡናው ሥር ሳይሆን በደጅ ፊት ለፊት ይተከል። ዘሩ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ፣ ከጤናማ ተክል ቅርንጫፍ ቈርጦ ወይም ሥሩን ከፍሎ በዝናም መግቢያ መትከል ይቀላል። በተክልና በተክል መካከል አንድ ክንድ ይተው። ጫፉን መቍረጥ ቅርንጫፉን ያበዛዋል፤ የተቈረጠውም ነፋስ በሚገባበት ጥላ ይድረቅ።

ስለ ተክሉ ይህን ያህል ከተናገርን፣ ከዚህ የሚበልጠውን ጉዳይ እናመጣለን። በቡናው አገር የለቀማው ወራት ንዳድ፣ ይኸውም ወባ፣ ከሚበረታበት ወራት ጋር ይገናኛል። ከደጋ የወረደ ሠራተኛም ሆነ ሹም ሰውነቱ በሽታውን አልለመደውምና ቶሎ ይጠቃል። ትኵሳት ሲይዘውም አሪቲ አፍልቶ መጠጣት ይበቃል የሚል መካሪ አይታጣም።

ይህ አሳብ ያለ ምክንያት አልመጣም። የአሪቲ ዘመድ የሆነ አንድ ቅጠል በቻይና አገር አለ። በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው ሐኪም ጌ ሆንግ ይህን ቅጠል በውኃ ነክሮ፣ ጨምቆ ለትኵሳት መጠጣት እንደሚገባ ጽፎ ነበር። ቱ ዩዩ የምትባል ሊቅ ይህን አንብባ፣ ብዙ ሙቀት ኀይሉን እንደሚያጠፋው ተረድታ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ አርቴሚሲኒን የተባለውን መድኃኒት ከባልደረቦቿ ጋር አወጣች፤ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሰጣት። አገራችንም በ2004 ከዚሁ ወገን የሆነ፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር የተቀናበረ ኪኒን ለወባ የመጀመሪያ መድኃኒት አድርጋ መረጠች።

ነገር ግን ዝምድና አንድነት አይደለም። ያ ኀይል በግቢያችን አሪቲ ውስጥ ለሕክምና በሚበቃ መጠን አይገኝም። የቻይናው ቅጠል ራሱ በሻይ መልክ ሲጠጣ መጠኑ አይታወቅም፤ ትኵሳቱን አብርዶ በሽታውን በደም ውስጥ ሊተው፣ በሽታውንም መድኃኒቱን ሊያስለምደው ይችላል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ይህን ልማድ እንደማይደግፍ አስታወቀ። ከዚህም ሌላ አሪቲ ብዙ ሲጠጣ የሚጐዳ ነገር ስላለበት፣ ይልቁንም ነፍሰ ጡር ሴት ልትጠጣው አይገባትም።

በ1958 ወባ በአገራችን ተነሥቶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመና 150,000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። ክፉው ዓይነት ወባ ሕፃንን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ሊገድል ይችላልና፣ ቅጠል ሲፈላ የሚያልፈው ሌሊት ብዙ ዋጋ አለው።

እንግዲህ የቤተ ሰብ አባትና እናት፣ የቡና ባለቤትም ለሠራተኞቹ፣ ይህን ሥርዓት ይያዙ፤ ትኵሳት የያዘው ሰው በዚያው ቀን ደሙ ይመርመር፤ ኪኒን ቢታዘዝለት፣ በመጀመሪያው ቀን ቢሻለውም የታዘዘለትን ቀን ሁሉ ይጨርስ፤ ሌሊት በአጐበር ውስጥ ይተኛ። አሪቲውም ቤቱን በሽታው ደስ ለማሰኘት በደጅ ይኑር።